በደብረ ብርሃን ያሳለፍነው ሌሊት፤ የታመመ ሕፃንን በተራ ስለ መጠበቅ

መንገደኛ ወደ አንድ ከተማ በገባ ጊዜ ገበያውንና ቤተ ክርስቲያኑን፣ ወንዙንና አደባባዩን ተዘዋውሮ ከተመለከተ በኋላ «ሀገሩን አየሁት» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኛም እንደዚሁ ስናደርግ ኖረናል። ነገር ግን አንድን ከተማ በሌሊት፣ ያውም የታመመ ሕፃን ታቅፎ ያየው ሰው፣ በቀን የሚያልፈው መንገደኛ የማያየውን ነገር እንደሚያይ ባለፈው ኅዳር ወር ተረዳን። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ደብረ ብርሃን ከተማና በከተማይቱ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ስላሳለፍነው ሌሊት ነው። ልጅ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ነገሩ የእናንተም ታሪክ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ ገና ልትወልዱ ያላችሁም ብትሆኑ አስቀድሞ መስማቱ ይጠቅማችኋል እንጂ አይጎዳችሁም።

ከአዲስ አበባ የተነሣነው ኅዳር 12 ቀን ማለዳ ነበር። የባለቤታችን አክስት በየዓመቱ የኅዳር ሚካኤልን ዝክር በደብረ ብርሃን ቤታቸው ያዘጋጃሉ፤ የስምንት ወሩን ልጃችንንም ገና ስላላዩት «ዘንድሮ ሳታመጡልኝ እንዳትቀሩ» ብለው ልከውብን ነበር። ኅዳር 12 ቀን በአዲስ አበባ ምን እንደሚደረግ የማያውቅ ጥቂት ነው። ከየደጁ የተጠረገው ቆሻሻና ቅጠል ተከምሮ ይቃጠላል፤ ሕዝቡም «ኅዳር ሲታጠን» ይለዋል። በየመንደሩ የተነሣው ጭስ መንገዱን ሸፍኖት ነበርና ልጃችን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሲያስል በሰማን ጊዜ «ጭሱ ነው፤ ከከተማው ስንወጣ ይተወዋል» ብለን አለፍነው።

የዚህ ጭስ ታሪክ ራሱ የበሽታ ታሪክ ነው። በ1911 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ ተዛምቶ የነበረው ብርቱ ኢንፍሉዌንዛ ወደ ሀገራችን ገብቶ በኅዳር ወር አዲስ አበባን ስለ መታት «የኅዳር በሽታ» እየተባለ ሲነገር ኖረ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን እንኳ ታመው የዳኑት ያን ጊዜ ነው። ከአባቶች የተወረሰው ወሬ እንደሚለው፣ ከሕመሙ ብርታት ሌላ ሕዝቡን የጎዳው የቤቱ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ መውደቁ ነበር። አስታማሚና በሽተኛ አብረው ስለ ተኙ ውሃ የሚያቀብል፣ እሳት የሚያነድ፣ ሬሳ የሚያነሣ ጠፋ። ይህን ታሪክ በአውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጠን እንደ ቀላል ጨዋታ ለባለቤታችን አወራንላት እንጂ፣ በዚያው ቀን ማታ በራሳችን ላይ የሚፈርድ ነገር እንደሚሆን አላሰብንም።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለገጣፎንና ሰንዳፋን ካለፉ በኋላ ሜዳው እየሰፋ፣ ነፋሱም እየበረታ ይሄዳል። ወሩ የአጨዳ ወር ስለ ነበረ በመንገዱ ግራና ቀኝ የገብሱና የስንዴው ነዶ ተከምሮ፣ ከብቶች በቃርሚያው ላይ ተሰማርተው፣ ልጆችም የበግ ለምድ ደርበው ሲጠብቁ ይታያሉ። ከየጎጆው አጠገብ ለማገዶ የተከመረው ኩበት እንደ ትንሽ ግንብ ቆሟል። አለልቱን፣ ቀጥሎም በቅቤዋ የታወቀችውን ሸኖን አልፈን ወደ ጫጫ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ በእጃቸው እያመለከቱ «አንጎለላ ወዲያ ነው» አሉን። አንጎለላ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ የነበረች፣ ዳግማዊ ምኒልክም በ1836 ዓ.ም. የተወለዱባት ቦታ ናት። ያን ጊዜ የታሪክ ነገር አድርገን ሰማነው። በኋላ ግን በሌሊቱ መካከል ትዝ ሲለን፣ በዚህ በብርዳም ሀገር የተወለደ ሕፃን ሁሉ፣ ንጉሥ የሚሆነውም ጭምር፣ አንድ ሰው እንቅልፉን አጥቶ ያሳደገው መሆኑን አሰብን።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በሰፊ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የበሬሳ ወንዝ በአጠገቧ ይወርዳል። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ስሟ በሀገሩ ሁሉ ታውቋል፤ ለብርድ ልብስ ሥራም ከዚህ የሚሻል ቦታ የሚገኝ አይመስለንም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ እንደ ቢላዋ የሚቆርጥ ብርድ ይወርዳልና። ከተማይቱን በ15ኛው መቶ ዓመት የቆረቆሩ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። በዘመናቸው በዚያ ቦታ ላይ በሰማይ ብርሃን ስለ ታየ ንጉሡ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው፣ ከተማም አድርገው፣ ስሙን ደብረ ብርሃን እንዳሉት ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። የዛሬ የታሪክ ሊቃውንትም ብርሃኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1456 ከታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ጋራ የሚያያይዙት አሉ። የሆነ ሆኖ የከተማይቱ ስም የወጣላት በሌሊት ሳይተኙ ሰማዩን ይመለከቱ በነበሩ ሰዎች ነው።

ከአክስታችን ቤት ስንደርስ ዝክሩ ተዘጋጅቶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ጎረቤቱም ተሰብስቦ ነበር። ልጃችንን እያቀባበሉ ሳሙት፤ መረቁት። ፀሐይ እስክትጠልቅ ደኅና ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሳሉ ጠነከረ፤ ሰውነቱ ጋለ፤ ጡትም ሲሰጡት ጥቂት ስቦ ይተወው ጀመረ። በብብቱ የሙቀት መለኪያ ብናደርግለት 38 ከ4 ሆነ። ከቤታችን ይዘነው የመጣነውን፣ ሐኪም በክብደቱ ልክ አስቀድሞ ያዘዘውን የትኩሳት ሽሮፕ ሰጠነው።

በዚህ ቦታ አንድ ነገር መናዘዝ ይገባናል። ልጃችን ከተወለደ ጀምሮ በሌሊት የምትነሣለት ባለቤታችን ብቻ ነበረች። ሦስት ጊዜም አራት ጊዜም ትነሣለች። እኛ «ነገ ሥራ አለብን» እያልን ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን እንተኛ ነበር። አንዳንድ ጊዜም የነቃን ሳንመስል ነቅተን ዝም ያልንበት ሌሊት አለ። እርስዋ በቀን ሥራ እንደማታጣ፣ ሰውነቷም እንደ ሰው ሁሉ እንደሚደክም ሳናውቀው ቀርተን አይደለም፤ የሌሊቱ ነገር የእናት ዕጣ ነው የሚለው የቆየ ልማድ ስለ ተመቸን ነው። ወደ ደብረ ብርሃን በሄድን ጊዜ ዐይኗ ቀልቶ፣ ፊቷም ጠቁሮ ነበር፤ አብረን ስለምንኖር ግን አላየነውም።

የሕፃኑ ሳል በተሰማ ጊዜ እንግዶቹ ሁሉ መካሪዎች ሆኑ። አንዱ ቅቤ አውጡና አፍንጫው ውስጥ ጨምሩለት ይላል። ሌላዋ ብርድ ነው፤ በደንብ ሸፋፍኑት ትላለች። አንዲት ሴት ደግሞ «እንጥሉ ወርዶ ነው፤ እዚሁ ታች የሚቆርጥ ሰው አለ፤ ነገ ውሰዱት» ብለው በቅንነት መከሩን። ሁሉም ለልጃችን አዝነው የተናገሩት ስለ ሆነ አንነቅፋቸውም። ነገር ግን ሐኪሞች አጥብቀው እንደሚያስረዱት፣ በአፍንጫ የሚጨመር ቅቤ ወደ ሳንባ ገብቶ ሌላ በሽታ ያመጣል፤ እንጥል መቁረጥና የሕፃን ድድ ሰንጥቆ ጥርስ ማውጣትም ለደም መፍሰስና ለቁስል መመረዝ ያጋልጣል እንጂ ሳልን አያድንም። በትኩሳት ላይ ያለውንም ሕፃን በብዙ ልብስ መጠቅለል ትኩሳቱን ያብሳል።

እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ ለመኝታ የተሰጠን ክፍል ከዋናው ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ትንሽ ክፍል ነበረች። ብርዱ ከግድግዳው ውስጥ የሚመነጭ ይመስላል። እኛም ብልኃት ያደረግን መስሎን ከማድ ቤት የከሰል ምድጃ ከነፍሙ አምጥተን በክፍሉ መካከል አስቀመጥን፤ በመስኮቱ ሽንቁር ጨርቅ ወተፍን፤ በሩንም ዘጋን። ክፍሉ ወዲያው ሞቀ። ባለቤታችንም ልጁን እንዳቀፈች ዐይኗ ይከደን ጀመር። ያን ጊዜ አክስታችን ውሃ ሊያቀብሉን በሩን ከፈቱ። ምድጃውን እንዳዩ ውሃውን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ምንም ሳይናገሩ በነጠላቸው ጫፍ ጆሮውን ይዘው ወደ ውጭ አወጡት። ተመልሰውም በሩን እንደ ተከፈተ ትተው፣ ጨርቁን ከመስኮቱ ነቀሉ።

«ልጄ፣ ብርዱን በልብስ እንከላከለዋለን፤ ይህ ግን ሦስታችሁንም ይገድላችኋል» አሉን።

እውነታቸውን ነው። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ይወጣዋል። ይህ አየር ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ሰውየው የተመረዘ መሆኑን ሳያውቅ ራሱን ያመዋል፤ ይደክመዋል፤ እንቅልፍ የመጣበት መስሎት ይተኛል፤ በዚያውም ይቀራል። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ስላለቀ ብቻ አደጋው ያለፈ አይደለም። ከዚህም በቀር ሳንባው ለታመመ ሕፃን የማገዶ ጭስ ሁሉ ጠላቱ ነው። እንግዲህ በማለዳ ከአዲስ አበባ ጭስ ሸሽተን ስንወጣ፣ ማታ በገዛ እጃችን የባሰውን ጭስ ወደ ልጃችን አልጋ አምጥተን ነበር።

አክስታችን ከሣጥናቸው ሁለት የመንዝ ባና አወጡ። አንዱን ለእኛ ሰጡን። ሌላውን በባለቤታችን ትከሻ ላይ ጣል አደረጉና ልጁን ከደረቷ ጋራ አስጠግተው፣ ፊቱንና አፍንጫውን ገላልጠው አስታቀፏት። ከዚያም በአልጋው ጫፍ ተቀምጠው፣ ሰባ ዓመት ያለፈውን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው እንዲህ ሲሉ ነገሩን፤

«ይህ ክፍል የአራስ ቤቴ ነበረ። ከዛሬ አርባ ዓመት በፊት ዐሥር ወር የሆናት ሴት ልጅ ነበረችኝ። እንዲሁ ሳል ያዛት። አባቷ ለሥራ ሩቅ ሀገር ሄዶ ነበር፤ ጎረቤት ማስቸገሩንም አልወደድሁትም። ሦስት ሌሊት ብቻዬን ቁጭ ብዬ አደርሁ። በአራተኛው ሌሊት እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ነግቷል። ልጄ ቀዝቅዛለች።»

ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ደግሞ «መተኛቴ ጥፋት አይደለም፤ ሰው ነኝ፤ ደከመኝ። ያጠፋሁት ሰው አለመጥራቴ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ሕፃን ሲታመም ማንም ብቻውን አያድርም» አሉ።

ወደ እኛ ዞር ብለውም «አንተስ፣ ልጄ፣ ስንት ሌሊት አድረህለታል?» ብለው ጠየቁን።

የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። ባለቤታችን እንኳ ልታድነን ብላ ምክንያት አልሰጠችልንም፤ ልጁን እያየች ዝም አለች። በዚያን ጊዜ የኅዳር በሽታ ታሪክ ትዝ አለን። በ1911 ዓ.ም. አስታማሚ የጠፋው ሁሉም ስለ ታመመ ነበር። በእኛ ቤት ግን አስታማሚ የጠፋው ጤነኛው ስለ ተኛ ነው።

ከዚህ በኋላ ሌሊቱ በአክስታችን ሥርዓት ሄደ። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት የእኛ ተራ፣ ከ6 እስከ 9 የእርሳቸው፣ ከ9 ሰዓት እስኪነጋ የባለቤታችን እንዲሆን ተወሰነ። ተራው ያልደረሰው ሰው በሌላ ክፍል እንዲተኛ አዘዙ፤ ምክንያቱም እናት የልጇን ሳል እየሰማች ብትጋደም ዐረፈች አይባልም። ልጁን የምታጠባ እርስዋ ስለ ሆነች ሲርበው ብቻ እንድትጠራ፣ አጥብታም ወዲያው እንድትመለስ ተስማማን። ባለቤታችን መጀመሪያ እምቢ አለች፤ በኋላ ግን ጎኗን ካሳረፈች በኋላ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሿ ተሰማ። ያን ድምፅ ከሰማን ስምንት ወር ሆኖን ኖሯል።

አክስታችን ከመሄዳቸው በፊት አንድ ትምህርት ሰጡን። የመንደሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለሴቶቹ ያስተማረቻቸውን ነው። የሕፃኑን የደረት ልብስ ገልጠው፣ እርሱ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ደረቱና ሆዱ ስንት ጊዜ ከፍ እንደሚል አንድ ሙሉ ደቂቃ በሰዓት መቁጠር ነው። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዐሥራ ሁለት ወር ላለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለው 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። እኛም በማስታወሻ ደብተራችን ላይ ሰዓቱንና ቁጥሩን መጻፍ ጀመርን። በ3 ሰዓት ተኩል 42፤ በ5 ሰዓት 45።

ያላደረገው ሰው ቁጥር መቁጠር ቀላል ነገር ይመስለው ይሆናል። ለእኛ ግን ትልቅ ዕረፍት ሆነልን። ፍርሃት ልክ የለውም፤ በጨለማ ውስጥ ሲያድግ ያድራል። ቁጥር ግን ልክ አለው። ከ50 በታች መሆኑን ባየን ጊዜ ሁሉ ሌላ ግማሽ ሰዓት በትዕግሥት ለመቀመጥ ኀይል አገኘን።

ከ5 ሰዓት በኋላ ልጃችን ማልቀስ ጀመረ። አባበልነው፤ ታቅፈን ተመላለስን፤ እናቱ መጥታ አጠባችው፤ እንደ ሄደች እንደገና ጀመረ። ግማሽ ሰዓት ያህል ካለቀሰ በኋላ በውስጣችን ቁጣ ሲነሣ ተሰማን። በታመመ ሕፃን ላይ መቆጣት እንዴት ያሳፍራል! ይሁን እንጂ እውነቱን መደበቅ ለማንም ስለማይጠቅም ጻፍነው። የደከመ ሰው እጁ ከልቡ ይቀድማል። ሕፃንን በንዴት ጨብጦ መነቅነቅ አንጎሉን ሊያደማ፣ ዐይኑን ሊያጠፋ፣ ሊገድለውም ይችላል። ስለዚህ አክስታችን አስቀድመው እንዳዘዙን በምንጣፉ ላይ በጀርባው አስተኛነው፤ ከአጠገቡ ትራሱንና ጨርቁን አነሣን፤ በሩንም ገርበብ አድርገን ለጥቂት ጊዜ ወደ ደጅ ወጣን።

ደብረ ብርሃንን ያየናት ያን ጊዜ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብቱ ወደ ምድር የቀረቡ ይመስሉ ነበር። በሣሩ ላይ ውርጭ መውደቅ ጀምሮ ነጭ ሆኗል። የባሕር ዛፉ ሽታና የኩበቱ ጭስ ሽታ በነፋሱ ላይ አለ። ውሻ ከሩቅ ይጮኻል። አንድ ዘበኛ በርኖሱን ተከናንቦ ከአጥሩ ማዶ ያልፋል። በተኛው ከተማ መካከል እዚህም እዚያም መብራት ያለባቸው መስኮቶች ነበሩ፤ ብንቆጥራቸው ሰባት ሆኑ። በእያንዳንዱ መስኮት ውስጥ ማን እንደ ነበረ አናውቅም፤ አንዱ ተማሪ፣ አንዱ ጋጋሪ፣ አንዱም እንደኛ ልጅ የታመመበት ሊሆን ይችላል። በቀን ስንገባ ያላየናት ከተማ ይህች ነበረች። ዐሥር ጊዜ በረጅሙ ተንፍሰን ስንመለስ ቁጣው አልፎ ነበር፤ ልጁም ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።

በ6 ሰዓት 44 ቆጥረን ተራውን ለአክስታችን አስረከብን። እርሳቸው ደግሞ በ8 ሰዓት 48 ቆጠሩ። በ9 ሰዓት ሁላችንንም ቀሰቀሱን። ቁጥሩ 56 ሆኗል። ደረቱን ባየን ጊዜ አየር በሳበ ቁጥር የታችኛው ጎድኑ ወደ ውስጥ ይገባል። ጡት ቢሰጡት አፉን ዘወር አደረገ። «እስኪነጋ እንጠብቅ» የሚል ሰው ከእኛ መካከል አልነበረም። ከደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ሁላችንን አንድ ሐሳብ አድርጎን ነበርና።

የጎረቤቱ ልጅ ባጃጅ ይነዳል። አክስታችን በሩን አንኳኩተው ጠሩት፤ እርሱም ጋቢውን እንደ ተከናነበ ወጥቶ «ምን ሆናችሁ?» ሳይል ሞተሩን አስነሣ። በባዶው አስፋልት ላይ ስንሄድ ብርዱ በሸራው ሽንቁር እየገባ ፊታችንን ይጋርፈው ነበር። ባለቤታችን ልጁን በባናው ውስጥ አቅፋ፣ እኛም በሁለቱ ላይ ጎንበስ ብለን ነፋሱን በጀርባችን ከለከልን። ከሆስፒታሉ ደጅ ስንደርስ የተረኛው ክፍል መብራት ይበራ ነበር። በውጭው አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት እናቶችና አንድ አያት ልጆቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል፤ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡን።

ነርሷ ልጁን ተቀብላ ትንፋሹን እንደ እኛ ቆጠረች፤ በእግሩ ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ አደረገች፤ ሐኪሙም ደረቱን አዳመጠ። የሳንባ ምች መሆኑን፣ ነገር ግን በጊዜ መምጣታችንን ነገሩን። ደብተራችንን አይታ «ይህን ሁልጊዜ ብታደርጉ መልካም ነው» አለች። በውሃ የሚሟሟ አሞክሲሲሊን በማንኪያ ሰጠችው፤ ከእናቱም ታልቦ በትንሽ በትንሹ እንዲሰጠው አደረገች። እስኪነጋ ድረስ በዐይናቸው ሥር አቆዩት። መድኃኒቱን ጧትና ማታ ለአምስት ቀን ሳናቋርጥ እንድንሰጠው፣ በሁለተኛውም ቀን መልሰን እንድናሳየው ታዘዝን።

ባለቤታችን ለነርሷ ምስጋና ስታቀርብ «እርስዎም ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙ» አለቻት። ነርሷ ግን ፈገግ ብላ «የእኔ ተራ እስከ ጧቱ 2 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ሌላዋ ትተካኛለች» ብላ መለሰች። የሆስፒታል ሥራ ሁሉ በተራ እንደሚሠራ እናውቅ ነበር። ዘበኛም በተራ ይጠብቃል፤ ወታደርም በተራ ይቆማል። ይህ ሥርዓት በቤታችን፣ ከሁሉ ይልቅ በሚያስፈልግበት ቦታ፣ እንዴት ሳይኖር እንደ ቀረ ገረመን።

ሲነጋ ልጃችን ጡት ያዘ። በረጅሙ ሳበ፤ ለቀቀ፤ ደግሞ ያዘ። ባለቤታችን ያን ጊዜ ብቻ አለቀሰች። ከሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ፀሐይም በሜዳው ላይ በወጣች ጊዜ ውርጩ ሁሉ እንደ ብርጭቆ አበራ። አክስታችን በር ላይ ቆመው ሲጠብቁን አገኘናቸው። ልጁን ተቀብለው ግንባሩን ዳሰሱና «እንግዲህ ሁላችሁም ተኙ፤ አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው» አሉን።

በደብረ ብርሃን ስድስት ቀን ቆየን። በሁለተኛው ቀን ለሐኪሙ ብናሳየው ትንፋሹ ወደ 40 ወርዶ ነበር። በአምስተኛው ቀን መድኃኒቱ ሲያልቅ ልጁ የአክስታችንን ነጠላ እየጎተተ ይስቅ ነበር።

ከዚህ ጉዞ የተማርነውን በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን እናካፍላለን። ሕፃን ጡት ወይም ውሃ መጥባትና መጠጣት ካልቻለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ደንዝዞ አልነቃ ካለ፣ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን ሳይነጋ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ከሆነ ደግሞ ትኩሳት ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ሕመሙ ተቅማጥ ቢሆን የጡቱ ወተት አይቋረጥ፤ አንዱ የኦ.አር.ኤስ ከረጢት ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ተበጥብጦ በማንኪያ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠው፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ። ስድስት ወር ላልሞላው ከእናት ጡትና ሐኪም ካዘዘው በቀር ምንም አይሰጥ። ማር ደግሞ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ለሳልም ቢሆን አይገባውም። ሕፃኑ ሲተኛ በጀርባው ይተኛ። የከሰል ምድጃ በተዘጋ ቤት ውስጥ አይግባ።

ከዚህ ሁሉ ጋራ ግን ሌሊቱ ይከፈል። አባት ካለ አባት፣ አያት ካለች አያት፣ እኅት ካለች እኅት ተራ ይያዝ። ባል የሌላት እናት ብትኖር ጎረቤት ለሦስት ሰዓት ብቻ ቢቀመጥላት ትልቅ ነገር አደረገላት። ለኀዘን ሦስት ቀን አብሮ የሚቀመጥ ሕዝብ፣ ኀዘን እንዳይመጣ አንድ ሌሊት አብሮ መቀመጥ እንዴት ይሳነዋል?

ወደ አዲስ አበባ በተመለስን ጊዜ መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ከመኝታ ቤታችን በር አጠገብ አንድ ወረቀት መለጠፍ ነበር። በወረቀቱ ላይ የሌሊቱ ሰዓትና የሁለታችን ስም ተጽፏል። ልጃችን አሁን ደኅና ነው፤ ሆኖም ጥርስ ሊያወጣ ስለ ሆነ በየሌሊቱ ይነሣል። ይህን ጽሑፍ የጻፍነውም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ በአንድ እጃችን እርሱን ታቅፈን፣ በተራችን ነው። ባለቤታችን ተኝታለች።